የአንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ጉዳይ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዓመቱ ውስጥ ከመካከላችን የተለዩንን ሁሉ ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናትን ይስጥልን።

የእድራችን ዳኛ ዛሬ እንድናገር ያዘዙኝ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ስለ መኪናው። ሁላችሁም እንደ ሰማችሁት፣ ባለፈው ዓመት በሞት የተለዩን ጎረቤታችን ልጆች የአባታቸውን ላንድክሩዘር ለእድራችን በስጦታ ለመስጠት አስበዋል። ወሬው ከተሰማ ወዲህ በየቡናው ላይ ሌላ ጨዋታ የለም። አንዱ «የሰጡንን እንቀበል እንጂ ምን ያማክራል» ይላል። ሌላው ደግሞ «አሮጌ መኪና ዕዳ ነው፤ ለድኻ እድር ምን ያደርግለታል» ይላል። እኔ አርባ ዓመት ያህል በመካኒክነት የኖርሁ በመሆኔ፣ ኮሚቴው «መኪናውን አይተህ፣ አስበህበት፣ ለጉባኤው ተናገር» አለኝ። እነሆ አይቼ፣ አስቤ መጣሁ። የንግግር ሰው አይደለሁም፤ ከሰው ይልቅ ከሞተር ጋር ብዙ ያወራሁ ነኝና ብሳሳት ይቅርታችሁ አይለየኝ።

ነገሬን ከመኪናው አልጀምርም፤ ከአንዲት ሌሊት እጀምራለሁ።

በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. አንድ ሌሊት፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ፣ ከታችኛው ሰፈር አንዲት ልጃችን ምጥ ያዛት። ስሟን አልጠራም። ዛሬም እዚሁ ከመካከላችን ተቀምጣለች፤ ታሪኩን እንድናገር የፈቀደችልኝም እርሷው ናት። የአዳማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ከተማችን ዙሪያዋን ኮረብታ ነውና ላይ የዘነበው ሁሉ ወደኛ ነው የሚወርደው። በጋ አቧራ የምንቅምበት መንገድ ክረምት ሲገባ ወንዝ ይሆናል። ባጃጅ ተጠራ፤ ባለባጃጁ እስከ ቦዩ ድረስ መጥቶ ጎርፉን ሲያይ ቆመ። አልፈረድሁበትም፤ ሦስት እግር ያለው ነገር እዚያ ውኃ ውስጥ ቢገባ እርሷንም ራሱንም ይዞ ይሄድ ነበር። አምቡላንስ ዘንድ ተደወለ፤ ያለው መኪና ሌላ በሽተኛ ይዞ ወጥቷል ተባለ።

ታዲያ ምን ተደረገ? የእድራችን ዕቃ ቤት ተከፈተና ቃሬዛው ወጣ። አስከሬን የምንሸከምበት ቃሬዛ! አንዲት እናት «ኧረ በሕይወት ያለችን ልጅ በሬሳ ቃሬዛ? ሟርት ነው!» ብለው ጮኹ። የልጅቷ አባት ግን «እማማ፣ እንጨት እንጨት ነው፤ ይልቅ መንገድ ይልቀቁልን» አሉ። ስድስት ሆነን አነሣናት። ውኃው ከጉልበት በላይ ነበር። አስፋልት ስንደርስ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ቆመልንና ጋቢና አስገብተናት ሆስፒታል ደረሰች። ሐኪሞቹ እናቲቱን አተረፉልን። ሕፃኑ ግን አልተረፈም። «ምነው አንድ ሰዓት እንኳ ቀድማችሁ ብትደርሱ» አለችን አዋላጇ። ቃሏ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የምንመክርበት ላንድክሩዘር ያን ሌሊት ከልጅቷ ቤት መቶ ርምጃ በማይሞላ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። ባለቤቱ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደዋል፤ ቁልፉም በኪሳቸው ነው። እኔ ሽቦ አገናኝቼ ያለ ቁልፍ ላስነሣው ብዬ አጥር ዘልዬ ገባሁ፤ የመካኒክ ሌብነት አላጣሁትም። ምን ያደርጋል፤ ከወር በላይ ሳይነሣ ቆይቶ ባትሪው ሞቷል። ጋሼ ከሕክምና ተመልሰው ይህን ሲሰሙ ብዙ አዘኑ። ለልጆቻቸውም ደጋግመው ይነግሯቸው የነበረው ይህንኑ ነው። የስጦታው ሐሳብ የመነጨው ከዚያች ሌሊት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። ሰው የሚያድነው መኪና ብቻውን አይደለም፤ ዝግጁ የሆነ መኪና ነው። ቁልፉ የት እንዳለ የታወቀ፣ ባትሪው የተሞላ፣ ናፍታ ያለው፣ ሾፌሩም ሲጠሩት የሚነሣ። ከእነዚህ አንዱ ከጐደለ የቆመ ብረት ነው።

መኪና ለበጎ ሥራ መስጠት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ኢጣልያ ልትወረን በምትዘጋጅበት ወራት ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይና ከሌሎችም አገሮች የሕክምና ጓዶች መጡ፤ መኪናና መድኃኒታቸው የብዙ ሰው መዋጮ ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሠፈር በጠላት አውሮፕላን ተደብድቦ ብዙ ሕመምተኞች አለቁ። የቀይ መስቀል ምልክት እንኳ ያላዳነው ጊዜ ነበር። ሆኖም ቁስለኛን በመኪና አንሥቶ ወደ ሐኪም ማድረስ በአገራችን ሥር የያዘው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው።

የኛንም ከተማ እንይ። እንግሊዞች ላንድሮቨርን ለዓለም ያሳዩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ነው። በኛ በ1950ዎቹ የወባ ማጥፋት ሥራ ሲጀመር ናዝሬት የወባ ሠራተኞች ማሠልጠኛ ነበረች። የዕድሜ ባለጸጎች ታስታውሳላችሁ፤ ዲዲቲ የሚረጩት ሰዎች መርጫቸውን አዝለው በጂፕና በላንድሮቨር ወደ ወንጂ፣ ወደ መተሐራ፣ ወደ መቂና ወደ ዝዋይ በኩል ሲወርዱ እናይ ነበር። ዝዋይ ያልሁት የዛሬዋን ባቱን ነው። ያ ሥራ ያለ እነዚያ መኪናዎች አይሞከርም ነበር፤ የስምጥ ሸለቆ ቆላ በእግር የሚጨረስ አይደለምና።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅም የሆነውን እናውቃለን። እህሉ ከውጭ መጥቶ አሰብ ወደብ ላይ ሲከመር የሚያመላልሰው የጭነት መኪና አነሰ። የአሰብ መንገድ የሚያልፈው በኛ ከተማ ስለሆነ ጎማና መለዋወጫ አጥተው በየጋራዡ ደጃፍ የቆሙትን መኪናዎች በዓይኔ አይቻለሁ። የተራበው ሰው ሰሜን ነው፣ እህሉ ምሥራቅ ነው፣ በመካከሉ የጎደለው አንዳንዴ አንዲት ቺንጋ ናት። የመካኒክ ሥራ ተራ ሥራ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ደግሞ የእናቶችን ነገር እንመልከት። ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት ለምን ነበር? ምጥ ላይ ቀናት ቆይተው፣ ሕፃናቸውንም ጤናቸውንም አጥተው የሚመጡ ሴቶች ስለ በዙ ነው። የሕክምና ሰዎች የእናቶችን ሞት ሲያስረዱ ሦስት መዘግየት አለ ይላሉ። አንደኛው ቤተሰቡ «እንሂድ» ብሎ እስኪወስን የሚዘገየው ነው፤ ሁለተኛው በመንገድ የሚዘገየው ነው፤ ሦስተኛው ሐኪም ቤት ከተደረሰ በኋላ የሚዘገየው ነው። ሦስተኛው በእጃችን የለም። አንደኛውና ሁለተኛው ግን የጎረቤት ሥራ ናቸው።

አሁን ወደ መኪናው ልግባ።

መኪናው ሐርድቶፕ የምንለው ረጅሙ ላንድክሩዘር ነው፤ በየጤና ጣቢያው አምቡላንስ ሆኖ የምናየው ዓይነት። ይህ ዘር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 የወጣ ሲሆን እስከ ዛሬ መሠራቱን አላቋረጠም። የጋሼ መኪና ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ተርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር ነው። ኮምፒውተር የለውም፤ ስለዚህ አዳማም ሻሸመኔም ያለ መካኒክ በመፍቻ ይሠራዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከላዩ ያማረ፣ ግን መብራት በበራበት ቁጥር አዲስ አበባ ድረስ በጭነት የሚሄድ መኪና ቢሰጡን ኖሮ «ይቅርብን» ባልሁ ነበር።

ከሥር ገብቼ አየሁት። ሻንሲው ጤነኛ ነው፤ የኋላው ወለል ግን ዝገት በልቶታል። የዘይት ክዳኑን ከፍቼ አየሁ፤ እንደ ወተት የነጣ ነገር የለበትም፤ ውኃ ከዘይት አልተቀላቀለም ማለት ነው። ሲነሣ ጥቁር ጢስ ያወጣል። ጥቁር ጢስ ከኖዝል ወይም ከአየር ፊልትሮ ነው፤ ይታከማል። ሰማያዊ ቢሆን ዘይት ይበላል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይለቅ ነጭ ቢሆን ውኃ ይገባበታል ብዬ እፈራ ነበር። ፍሪሲዮኑ አልቋል። ከኋላ በኩል አንድ ባሌስትራ ተሰብሯል። ፎርዊሉ ይሠራል። ጎማዎቹ ጥርሳቸው አለ፤ ነገር ግን አርጅተዋል። ይህን ሁሉም ሰው ቢያውቀው ይጠቅመዋል፤ ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ ተጽፏል። 2316 ቢል በ2016 እንደ አውሮፓ፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርስ ያለው ሁሉ ወጣት አይደለም፤ በሰውም እንደዚሁ ነው። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደ ተቀየረ የሚያውቅ የለም። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ያለበት ነገር ስለሆነ፣ ሳንነዳው በፊት መቀየር አለብን፤ ቢበጠስ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል።

ባጭሩ፣ መኪናው በሽተኛ ነው እንጂ ሟች አይደለም።

ቀጥሎ የወረቀቱ ጉዳይ አለ። «ልጆቹ ሰጥተዋል» ማለት አይበቃም። የሟች ንብረት ነውና መጀመሪያ ወራሾቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያወጣሉ። ከልጆቹ ሁለቱ ውጭ አገር ናቸው፤ እነርሱ ባሉበት ኤምባሲ በኩል ውክልና መላክ አለባቸው። ሁሉም ወራሾች ካልፈረሙ ነገ አንዱ «እኔ አልሰጠሁም» ቢል እድራችን ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሊንከራተት ነው። ከዚያ የስጦታው ውል በውልና ማስረጃ ይመዘገባል፤ ሊብሬው በእድሩ ስም ይዞራል፤ በኮሚቴ አባል ስም አይሁን! የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ያለ እርሱ አንድ ቀን ሰው ብንገጭ፣ የቀብር ገንዘባችን ሁሉ ለካሣ ይሄዳል። ቦሎም እንዲሁ። ሌላም ልጨምር። ከቀረጥ ነጻ የገባ የእርዳታ ድርጅት መኪና ሊሰጣችሁ የሚል ሰው ቢመጣ፣ የጉምሩክ ወረቀቱን ሳታዩ እጃችሁን አትዘርጉ፤ ቀረጡ ሳይከፈል ወይም ፈቃድ ሳይገኝ ወደ ሌላ አይተላለፍም።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ከአባሎቻችን አንዱ «አሜሪካ ያለው ልጄ አሮጌ መኪናውን ለእድሩ ልላክ ይላል» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ልባቸው ይመስገን፤ ግን ምክሬ «አይላክ» ነው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ ይከብዳል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሏል። አሜሪካኖቹ ራሳቸው የሚያደርጉትን ብናይ ይበጃል። እዚያ አገር ሰው መኪናውን ለበጎ አድራጎት ሲሰጥ፣ ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ አይነዳውም፤ በጨረታ ሸጦ ገንዘቡን ለሥራው ያውለዋል። ሰጪው ከግብሩ ይቀነስለታል። ቀድሞ ሰዉ የማይነሣውን መኪና ብዙ ዋጋ እየገመተ ግብር ሲያስቀንስ፣ ከ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ሕጉ ጠበቀ፤ ግምቱ ከ500 ዶላር በላይ ከሆነ፣ በጥቅሉ የሚቀነሰው መኪናው የተሸጠበትን ያህል ብቻ ነው። ድርጅቱ ራሱ በሥራ ላይ ካዋለው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ የአባላችን ልጅ መኪናውን እዚያው ይሽጥና ለዚህኛው የሚሆን ጎማ ይግዛልን። ይህን ብዬዋለሁ፤ እሺ ብሏል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። መቀበል ወይስ አለመቀበል?

እውነቱን ልናገር። ይህን መኪና ሃያ ዓመት የጠገንሁት እኔ ነኝ። ድምፁን ከሩቅ አውቀዋለሁ። ጋሼም ወዳጄ ነበሩ። ስለዚህ ልቤ «ተቀበሉ» ይላል። ግን ልብ ናፍታ አይቀዳም። እንዲህ ያለ መኪና በከተማና በኮረኮንች በአንድ ሊትር ከሰባት እስከ ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። በወር 400 ኪሎ ሜትር ብናስኬደው ከ50 ሊትር በላይ ናፍታ ይጠጣል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ይቀየራል፤ ያውም አንድ ጊዜ ወደ አሥር ሊትር የሚጠጋ። ባትሪ አለ፣ ጎማ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ። ስጦታው ነጻ ነው፤ መንዳቱ ግን ነጻ አይደለም።

ስሙን የማልጠራው አንድ ማኅበር፣ ከዓመታት በፊት እንደዚህ ያለ መኪና ተሰጥቶት ነበር። ርክክቡ በድግስና በጭብጨባ ነበር። በስድስተኛው ወር ባትሪው ሞተ፤ «በሚቀጥለው ስብሰባ ይወሰን» ተባለ። በዓመቱ ስሄድ ግራር ሥር ቆሞ የኋላ ወንበሩ ላይ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋለች። ሳቃችሁ ይገባኛል፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ያ መኪና ለሌላ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ባደረሰ ነበር። ሥራ የማይሠራበትን ስጦታ መቀበል፣ ለሌላው ሊደርስ የሚችለውን መቀማት ነው።

ስለዚህ አሳቤ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የቀብር ገንዘባችን አይነካም። ለመኪናው የተለየ መዋጮ፣ የተለየ የባንክ ደብተር ይኑር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? መጠኑን ጉባኤው ይወስን፤ አቅም የሌላቸው እናቶችና ጡረተኞች ግን ይማሩ።

ሁለተኛ፣ መንጃ ፈቃድ ያላቸው ሦስት ሾፌሮች በተራ ይመደቡ። ቁልፉም ከዳኛው ወይም ከጸሐፊው ዘንድ ሳይሆን ከጥሩንባ ነፊያችን ቤት ይሁን። ሰፈሩ ሁሉ በሌሊት የማንን በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል፤ እርሱም ተቀስቅሶ ማጉረምረም የተወው ዱሮ ነው።

ሦስተኛ፣ ሕያው ከሙት ይቅደም። ቀብር እየሄድን ምጥ የያዛት ብትመጣ፣ አስከሬኑ በትከሻችን ይሄዳል፤ መኪናው ወደ እርሷ ይዞራል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ ይስማማል ብዬ አምናለሁ፤ ሽማግሌዎቻችንን ጠይቄ ከሁለቱም ወገን እሺታ አግኝቻለሁ።

አራተኛ፣ የመውጫና የመግቢያ መዝገብ ይኑር። ማን ተጫነ፣ ወዴት፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ሊትር። ለሠርግ አይሄድም። ለገበያ አይሄድም። ለኮሚቴ ጉዳይም አይሄድም፤ እኔንም ጨምሮ።

አምስተኛ፣ መኪናው አምቡላንስ አይደለም። ባለሙያ የለበትም፣ መድኃኒት የለበትም። መጀመሪያ የቀይ መስቀል 907 ይደወል፤ እነርሱ ከመጡ እሰየው። ካልተገኙ ግን ጎርፉን የሚሻገር አንድ ነገር በእጃችን አለ። ነፍሰ ጡር ያለበት ቤትም ወሯ ሲገባ ለጥሩንባ ነፊው አስቀድሞ ይንገር፤ የመጀመሪያው መዘግየት የሚሸነፈው በዚህ ነው።

ስድስተኛ፣ ስድስት ወር ሞክረነው መዋጮው ካልበቃ፣ ግራር ሥር አናቆመውም። ወይ ሸጠን ገንዘቡን ለሕመምተኛ ማድረሻ እናደርገዋለን፤ ወይ ጋራዥና ሾፌር ላለው፣ የወደቁ አረጋውያንን ለሚያነሣ በጎ አድራጊ ድርጅት እናስተላልፈዋለን። ይህም ከወራሾቹ ጋር ዛሬውኑ በጽሑፍ ይታወቅ፤ በኋላ ቅያሜ እንዳይመጣ።

በእኔ በኩል፣ ጉባኤው ከፈቀደ፣ ፍሪሲዮኑንና ቺንጋውን ያለ እጅ ዋጋ እቀይራለሁ፤ የዕቃውን ዋጋ እናንተ ቻሉ። ዓይኔ እስኪደክም ድረስም በየሳምንቱ ቅዳሜ አስነሥቼ አየዋለሁ። ከኔ በኋላ የሚያየው እንዲኖር ከልጆቻችን ሁለቱን አስተምራለሁ። ግን አንድ ነገር ተዉልኝ። መዋጮውን ሳትወስኑ በጭብጨባ ብቻ «ተቀብለናል» አትበሉ። የመዋጮው ድምፅ ቀድሞ ይሰጥ፤ የመኪናው ድምፅ ይከተል። መዋጮው ካለፈ መኪናውን እንቀበል፤ ካላለፈ ልጆቹን አመስግነን ለሌላ እንዲሰጡት እንንገራቸው። በዚህ ማንም አያፍርም።

እድር የምንለው ጎረቤት ሲሞት ለመቅበር የተማማልንበት ነገር ነው። አባቶቻችን ይህን አጽንተውልናል፤ ቃሬዛችንም እስከ ዛሬ ጠንካራ ነው። ያን ሌሊት ግን ሕያው ሰው ተሸክመንበታል። ሁለተኛ እንዲህ እንዳይሆን ነው ይህን ሁሉ የለፈለፍሁት።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ መኪናውን ማየት የሚፈልግም ከስብሰባው በኋላ ይምጣ፤ ቦኔቱን ከፍቼ አሳየዋለሁ።